የአድዋ ዘማች በ54 ሚሊሜትር፦ የኢትዮጵያን ጦር የሚያሳዩ የአሻንጉሊት ወታደሮችን መሰብሰብና ትክክለኛነታቸውን መመርመር

የኢትዮጵያን ጦር የሚያሳዩ የአሻንጉሊት ወታደሮች ከናፖሊዮን ወይም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። ጥቂት ስለሆኑም ሻጭ «አቢሲኒያ» ብሎ የለጠፈበትን ሁሉ ማንሳት ይቀናል። ሞላላ የዙሉ ጋሻ የያዘ ተዋጊም ሆነ የተጣጣፈ ጅባ (ረጅም ቀሚስ መሰል ልብስ) የለበሰ የሱዳን መሐዲስት (የመሐዲ ተከታይ) በዚህ ስም ሊቀርብላችሁ ይችላል። ከገዙ በኋላ መጸጸትን የሚያስቀረው ዋጋ ማወዳደር ሳይሆን ምን እንደሚፈልጉ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ወስኑ

«የድሮ ኢትዮጵያዊ ወታደር» የሚባል አንድ ሰው አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የነበረው፣ በ1868 ጉንደትና ጉራ ላይ ግብጾችን የገጠመው፣ በ1888 አድዋ የዘመተው፣ በ1928 ማይጨው የተሰለፈውና በ1943 ኮሪያ የደረሰው ወታደር በመሣሪያም በአለባበስም ይለያያሉ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በአንዲት ቁራጭ ካርቶን ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ቦታ፣ ቀን፣ የማን ጦር፣ ማዕረግ። ለምሳሌ፦ «አድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የራስ መኮንን ጦር፣ ጠመንጃ የያዘ ተራ ዘማች።» ከዚያ በኋላ የምታነሱት ጥያቄ ሁሉ ወደዚህች ካርቶን ይመለሳል። ካርቶኗ ባዶ ከሆነች «ትክክል ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ አንዱ የሚያወራው ስለ 1888፣ ሌላው ስለ 1928 ነውና።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «ኢትዮጵያ» በሚለው ብቻ አትወሰኑ። የድሮ አሻንጉሊቶች የሚሸጡት በብዛት «አቢሲኒያ» በሚል ስም ነው። አድዋም በላቲን ፊደል አንዳንዴ በዩ፣ አንዳንዴ በኦ ይጻፋል፤ ሁለቱንም ሞክሩ። ጣሊያንኛና ጀርመንኛ አጻጻፉን ከጨመራችሁ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈላጊዎች የማያዩት ዕቃ ይወጣላችኋል።

ልኬት፦ በካሊፐር እንጂ በዓይን አይደለም

ሦስት ልኬቶች ይበዛሉ። 54 ሚሊሜትር የጥንቱ የእርሳስ ወታደር ቁመት ሲሆን 1/32 ገደማ ነው። 28 ሚሊሜትር ለጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ የሚሠራው የብረትና የሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ጠንካራ ሙጫ) ወታደር ነው፤ 1/56 አካባቢ ብላችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ። 1/72 ደግሞ በሳጥን የሚሸጠው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። በአንድ መደርደሪያ ላይ አትቀላቅሏቸው፤ ጀማሪ ከሆናችሁ አንዱን ብቻ ያዙ። ዝርዝር ማየት ለሚወድ 54፣ ብዙ ሕዝብ ማሰለፍ ለሚፈልግ 28 ይሻላል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ እውነተኛውን ርዝመት በሚሊሜትር ወስዳችሁ ለልኬቱ ታካፍላላችሁ። ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ጋሻ በ1/32 ወደ 16፣ በ1/56 ወደ 9፣ በ1/72 ደግሞ 7 ሚሊሜትር ይሆናል። 1.3 ሜትር የሚረዝመው ውጅግራ ጠመንጃ በ1/32 ወደ 41፣ በ1/56 ወደ 23፣ በ1/72 18 ሚሊሜትር ነው። በ28 ሚሊሜትር ወታደር ላይ ጠመንጃው 26 ቢሆን አትደንግጡ፤ ቀጭን ነገር በሻጋታ ውስጥ ስለሚሰበር ሠሪዎች መሣሪያን ሆን ብለው ያወፍራሉ፣ ያስረዝማሉ። ይህ የሻጋታ ግዴታ ነው፤ በታሪክ ስህተትነት አይቆጠርም። ጋሻው ከሰውየው ጉልበት እስከ አገጭ የሚደርስ ከሆነ ግን የሠሪው ምንጭ ሌላ አገር ነው።

የአድዋን ዘማች መመርመር

ከእግር ጀምሩ። አብዛኛው ተራ ዘማች ባዶ እግሩን ነው የዘመተው። ቦት ጫማ ያጠለቀ ተራ ወታደር ካያችሁ ሠሪው የአውሮፓ ወታደር አካል ወስዶ ጭንቅላቱን ብቻ ቀይሯል ማለት ነው። በ28 ሚሊሜትር ይህ ይስተካከላል፤ የጫማውን አፍ በሞረድ አስልሉ፣ አፍንጫውን አሳጥሩ፣ ጣቶቹን በቀለም ለዩ። በ54 ግን ጣት መቅረጽ ስላለባችሁ ባትገዙት ይሻላል።

ቀጥሎ ወገቡን እዩ። ጎራዴው በየትኛው ጎን ነው? የኢትዮጵያ ተዋጊ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ነበር የሚታጠቀው፤ ጋሻ በግራ ክንድ ስለሚያዝ አፎቱ በቀኝ ሲሆን አይጋጭም። ከመቶ ዓመት በላይ ወደ አገራችን የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞች ይህን እየደጋገሙ የጻፉት በራሳቸው አገር በግራ ስለሚታጠቁ ነበር። አንድን አሻንጉሊት ለመመዘን አንዲት ነገር ብቻ እንድታዩ ቢፈቀድላችሁ ይህችን እዩ። በግራ የታጠቀ ከሆነ ቀራጩ ማስረጃ አላየም፣ ወይም የተገለበጠ ፎቶግራፍ አይቷል። የድሮ ፎቶግራፎች ሲታተሙ ግራና ቀኛቸው የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። ፎቶውን ለማጣራት የጠመንጃውን መቀርቀሪያ ተመልከቱ፤ እጀታው በቀኝ መሆን ሲገባው በግራ ከታየ ምስሉ ተገልብጧል።

ጋሻው ክብ፣ መሐሉ ወደ ውጭ ያበጠ፣ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ነው። የተራው ሰው ጋሻ ጥቁር ቡናማ ቆዳ ሆኖ የተጫኑ መስመሮች ይታዩበታል፤ የመኳንንቱ በከፋይ ተሸፍኖ በብር ጥፍጥፍ ያጌጣል። አንድ ሠሪ ለ20 ወታደር ሁሉ የብር ጋሻ ከሰጠ ስህተቱ የጋሻው ቅርጽ አይደለም፣ የአከፋፈሉ ነው። ጎፈርና ለምድም እንዲሁ ናቸው። የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ያሰረ ወይም ለምድ የደረበ ሰው ጀግንነቱ ወይም ማዕረጉ የታወቀለት ነው። ለሥዕል ያምራል ተብሎ ለሁሉም ሲደረግ ጦሩ በሙሉ የሹማምንት ጉባኤ ይመስላል። ከ20 ወታደር ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ በጎፈርና በለምድ ብታወጡ፣ ሌሎቹን በእጀ ጠባብ፣ በቁምጣ ሱሪና በሸማ ብታለብሱ ዓይን የሚያምነው ጦር ታገኛላችሁ።

ጠመንጃው ለብቻው ይታይ። በአድዋው ጦር ውስጥ ውጅግራ፣ ረሚንግተን፣ ሰናድርና ሌሎችም ተደባልቀው ነበር፤ ከረሚንግተኖቹ ብዙዎቹ በ1868 ከግብጾች የተማረኩ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ወታደር አንድ ዓይነት ጠመንጃ መያዙ ራሱ አጠራጣሪ ነው። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ስለሆነ ከመቀስቀሻው ፊት ለፊት ወደ ታች የወጣ ካዝና ሊኖረው አይገባም። ካዝና ያለበት ጠመንጃ የያዘ ወታደር ካላችሁ ካዝናውን በስለት ቆርጣችሁ ማስለል ትችላላችሁ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጠመንጃው ላይ ሳንጃ ተሰክቶ ካያችሁ ደግሞ ሠሪውን ማስረጃ ጠይቁት። ዘማቹ ለጨበጣ ጎራዴውን ነበር የሚመዘው።

ፈረሰኛ ከሆነ እርካቡን እዩ። የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ሙሉ እግሩን እርካብ ውስጥ አያስገባም ነበር፤ ትንሿን ቀለበት በአውራ ጣቱ ይይዛል። የአውሮፓ ፈረሰኛን አካል ተውሰው የተሠሩት ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። በ28 ሚሊሜትር እርካቡን ቆርጣችሁ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቀለበት አጣጥፋችሁ በአውራ ጣቱ ሥር በሱፐር ግሉ አጣብቁ።

ሰንደቅ ዓላማው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሦስቱ ቀለሞች በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ የሚታዩበት ሰንደቅ ዓላማ የሚቆጠረው ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ለአድዋ ከፈለጋችሁ ለየብቻ የተሰቀሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ረጃጅም ጨርቆች አድርጉ። አንበሳ መሐሉ ላይ ያለበትን አራት ማዕዘን ባንዲራ ለአድዋ አሰላለፍ የሚሸጥላችሁ ካለ ለ1928ቱ አስቀምጡት።

ከጦሩ ጋር የሚሄደው ሕዝብ

እዚህ ላይ የገበያው ዕቃ በጣም ደካማ ነው፤ ብዙ መሥራት የሚቻለውም እዚሁ ነው። የዘመቻ ጦር ማለት ተኳሽ ብቻ አይደለም። ነጋሪት የጫኑ በቅሎዎች፣ የጌታቸውን ጋሻና ጠመንጃ የሚሸከሙ ጋሻ ጃግሬዎች፣ ስንቅ የሚያዘጋጁና ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ ታቦት የያዙ ካህናት አሉበት። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አድዋ ዘምቷል፤ አቡነ ማቴዎስም በቦታው ነበሩ።

ሴቶቹን ለመሥራት ብዙ ሰው «የአፍሪካ መንደር» የሚል ሳጥን ይገዛል። በዚያ ሳጥን ውስጥ ያለችው ሴት ማሰሮዋን በራሷ ላይ ተሸክማለች። የደጋዋ ሴት ግን እንስራን በጀርባዋ በገመድ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው። ማስተካከል ይቻላል፦ ማሰሮውን ከራሷ ቁረጡ፣ የተነሳውን ክንድ ከትከሻው ለዩና ወደ ደረት አጥፋችሁ መልሱ፣ ወገቧን ሞቅ ባለ ውሃ ነክራችሁ በትንሹ አጉብጡ፣ እንስራውን ከሁለቱ ትከሻዎቿ በታች አጣብቁ፣ ከዚያ ገመዱን በጥቁር የልብስ ስፌት ክር ከእንስራው አንገት በትከሻዋ አሳልፋችሁ በደረቷ ላይ አገናኙ። ይህች አንዲት ሴት ከ10 ተኳሾች ይልቅ ቦታውን ኢትዮጵያ ታደርገዋለች።

እቴጌ ጣይቱን ለመሥራት ጥቁር ጥላ ያስፈልጋል፤ በአድዋ ስለ መገኘታቸው የሚተርከው ጽሑፍ በጥቁር ጥላ ሥር ይገልጻቸዋል። ዳግማዊ ምኒልክን በዘውድ የሚያሳዩት አሻንጉሊቶች የተወሰዱት ከሥዕል ነው። በፎቶግራፍ የሚታወቁት በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ አድርገው ነው። በንጉሡ ፊት የምታቆሟቸው ሰዎች ደግሞ ሸማቸውን ትከሻቸው ላይ እንደ ደረቡ አይቆሙም፤ አደግድገው ይቁሙ፤ ሸማው ወገብ ላይ ይታሰር። ይህን ያላወቀ ሠሪ የሚያሰልፋቸው ሰዎች ለእኛ ዓይን ጌታቸውን የናቁ ይመስላሉ።

ጣሊያኖቹና አስካሪዎቹ

በጣሊያኑ ጦር አዛዥ በጄኔራል ባራቲየሪ ሥር አራት ብርጌዶች ነበሩ፦ የአልበርቶኔ፣ የአሪሞንዲ፣ የዳቦርሚዳና የኤሌና። የአልበርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው የአስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን የተሰለፉ አፍሪካውያን ወታደሮች፣ ነበር። ቀለም ስትመርጡ የአድዋን አስካሪ ካኪ አትቀቡት፤ ካኪው የኋለኛው ዘመን ነው፤ በ1888 ነጭ ልብስ፣ ቀይ ረጅም ፌዝ (ክፈፍ የሌለው ቆብ) እና ባለ ቀለም መቀነት ነው። የመቀነቱና የፌዙ ዘርፍ ቀለም እንደ ሻለቃው ይለያያል፤ የአንደኛው ሻለቃ ቀይ ነው። ከአስካሪዎቹ መካከል የቡሽ ባርኔጣ ያደረጉ ጣሊያናዊ መኮንኖችን ማስገባትም አትርሱ።

በጣሊያናዊው እግረኛ ላይ የሚነሳው ዋናው ክርክር የጠመንጃው ነው። አገር ቤት ያለው ጦር አዲሱን እ.ኤ.አ. የ1891 ሞዴል ካርካኖ እየታጠቀ ሳለ አድዋ የዘመተው የያዘው በብዛት አሮጌውን ቬተርሊ ነበር፤ በቅኝ ግዛቱ የተከማቸው ጥይት የእሱ ስለነበር። ካርካኖ የያዘ የአድዋ ጣሊያናዊ በ54 ሚሊሜትር ቢቀርብላችሁ ስህተቱን መጥቀስ ተገቢ ነው። በ28 ወይም በ1/72 ግን ልዩነቱ ከሩብ ሜትር ርቀት አይታይም፤ በዚያ ላይ መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው። የበርሳሊየሪዎቹ (የጣሊያን ቀላል እግረኞች) ላባ ባርኔጣው ላይ መኖሩ ከዚህ በላይ ይታያል።

ስያሜውንም አጥሩ። አስካሪ በሻለቃ የተደራጀ መደበኛ ወታደር ነው፤ ባንዳ ከመደበኛው ጦር ውጭ ያለ ታጣቂ ነው። ዛሬ ቃሉ የያዘውን ስድብ ይዛችሁ መለያ ወረቀት ላይ አትለጥፉ። በድሮ ካታሎጎች የኦሮሞ ፈረሰኞች የተመዘገቡበት የስድብ ስምም አለ፤ የሳጥኑን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ በራሳችሁ መዝገብ ግን «የኦሮሞ ፈረሰኛ» ብላችሁ ጻፉ።

የ1928ቱ ጦርነት አሻንጉሊቶች

ጦርነቱ ዓለምን ባነጋገረበት ሰሞን የአሻንጉሊት ፋብሪካዎችም ወደዚያው ዞሩ። የእንግሊዙ ብሪተንስ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛና የባላገር ዘማቾችን በሳጥን አወጣ። ጀርመኖቹ ኤላስቶሊንና ሊኔኦልም የራሳቸውን ኢትዮጵያውያን ሠሩ። እነዚህ ሲገዙ ጥያቄው ይለወጣል። የ1928 አሻንጉሊት ስህተቱ ራሱ ታሪክ ነው፤ የለንደን ወይም የብራንደንቡርግ ቀራጭ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀውን ያህል ያሳያል። ስለዚህ ጎራዴው በግራ ቢሆንም አታስተካክሉት፣ ቀለሙ ቢላጥም አትቀቡት። አዲስ ቀለም የነካው የድሮ ወታደር ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል፤ ከዋጋው በላይ ደግሞ ማስረጃነቱ ይጠፋል።

ብሪተንስ ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ቀልጦ የፈሰሰው እርሳስ የሻጋታውን ግድግዳ ይዞ እንደ ጠጠረ የቀረው ተመልሶ ይፈስሳል፤ አየር የሚወጣበትም ትንሽ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ በጭንቅላቱ ላይ ይገኛል። ስለዚህ 54 ሚሊሜትር የሆነ፣ ለመጠኑ ቀለል የሚል ወታደር ነው የምትጠብቁት። በእጅ ሲያዝ ድፍን እርሳስ የሚከብድ ከሆነ የኋላ ቅጂ ሊሆን ይችላል። መቆሚያውን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ጠርዙ የቀለጠ ከመሰለ ከዋናው ላይ በተወሰደ ሻጋታ የተሠራ ነው። ቀለሙን ለመመርመር አልትራቫዮሌት ባትሪ በጨለማ ክፍል ውስጥ አብሩበት፤ አንድ ክፍል ብቻ ከሌላው በተለየ ካበራ በኋላ የተነካካ መሆኑን ጠርጥሩ። ሁለተኛው መፈተሻ ጭረት ነው። ቀለሙ በተላጠበት ጉድጓድ ውስጥ አዲስ ቀለም ገብቶ ካያችሁ በላዩ ላይ ተቀብቷል።

የጀርመኖቹ ከእርሳስ የተሠሩ አይደሉም። የእንጨት ብናኝ ከሙጫና ከነጭ አፈር ጋር ተቦክቶ በሽቦ ላይ ይጫናል፤ ቁመታቸውም ከ7 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል። የሚጎዱት ከውስጥ ነው፤ እርጥበት ገብቶ ሽቦው ሲዝግ ያብጥና አካሉን ይሰነጥቀዋል። ስትገዙ የቁርጭምጭሚቱንና ጠመንጃ የያዘውን ክንድ ፎቶ በቅርብ ጠይቁ፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ውሃ በጭራሽ አታስነኳቸው።

ቀለም መቀባት

የሚከተለው ለአዳዲሶቹ ብረት፣ ፕላስቲክና ሬዚን ብቻ ነው። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ በውሃ የሚቀጥኑ የአክሪሊክ ቀለሞችን ያምጣ፤ የሚረጭ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) በአውሮፕላን አይፈቀድምና በብሩሽ የሚቀባውን ይግዛ።

የብረቱን የሻጋታ መስመር በሞረድ አስልሉ፤ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና እጃችሁን ታጠቡ። ከዚያ ማንኛውንም ወታደር ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ይህ ከተዘለለ የሻጋታው ቅባት ቀለሙን ከሳምንት በኋላ ያስለቅቀዋል፤ በለስላሳው የ1/72 ፕላስቲክ ላይ ችግሩ ይብሳል። የጎበጠ የፕላስቲክ ጦር ወይም ጠመንጃ ለማቃናት ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ነክሩ፣ በጣት ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሬዚን ከሆነ ውሃው አይፍላ፤ ሞቅ ብሎ እጅ የማያቃጥል ይሁን።

የሰውነት ቀለም ላይ ጥቁር አትጠቀሙ። ሦስት ጠብታ ጥቁር ቡናማ፣ አንድ ጠብታ የአፈር ቢጫ፣ በብሩሽ ጫፍ ቀይ ቀላቅሉ። ለግንባር፣ ለአፍንጫና ለጉንጭ በዚሁ ላይ የአፈር ቢጫ ጨምሩ፤ ነጭ ከጨመራችሁበት አመድ ይመስላል። ከወታደር ወታደር ቅይጡን በትንሹ ለዋውጡ፤ ሁሉም አንድ ቀለም ሲሆን የመንታ ሰልፍ ይመስላል።

ሸማው ከባዱ ነው። ከንጹሕ ነጭ ከጀመራችሁ እጥፋቱን የምታሳዩበት የሚቀር የለም። መነሻው ፈዛዛ ግራጫማ ክሬም ይሁን፣ እጥፋቱ ውስጥ በብዙ ውሃ የቀጠነ ቡናማማ ግራጫ ይፍሰስ፣ ሲደርቅ በእጥፋቱ ጫፎች ላይ ብቻ ንጹሕ ነጭ ይነካ። የዘመቻ ሸማ ለወራት የተለበሰ ነው፤ ከታች በኩል በአቧራ ቀለም አደብዝዙት። ቀዩን ጥለት ለመኳንንቱ ብቻ አድርጉ።

ሸማ የሌለው ወታደር ከሆነ ሸማ ልትሠሩለት ትችላላችሁ። ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ፑቲ እኩል በእኩል ለውሱ፣ 30 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ታልክ በነሰነሳችሁበት ፕላስቲክ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር እስኪቀጥን ዳምጡ፣ ለ28 ሚሊሜትር 20 በ30 ሚሊሜትር ቁረጡና በግራ ትከሻው አሳልፉ። ሳይጠብቁ መዳመጥ የተለመደው ጥፋት ነው፤ ገና የለሰለሰ ፑቲ ይለጠጣል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ እጥፋትም አይዝም።

ስለ ትክክለኛነት መወያየት

ማስረጃዎች እኩል አይደሉም። ከሁሉ በፊት በሙዚየም ያለ ዕቃ ይቀድማል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ብሔራዊ ሙዚየምና ፒያሳ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ለዚህ ይጠቅማሉ። ቀጥሎ ቀኑ የታወቀ ፎቶግራፍ፣ ከዚያ የዓይን ምስክር ጽሑፍ፣ ከዚያ ሥዕል። «የአድዋ ፎቶ» ተብሎ የሚዘዋወረው ብዙው ምስል የኋለኛ ዘመን ነው፤ ካኪ የለበሰ ሰው ከታየበት መጀመሪያ 1928ን ጠርጥሩ።

የአድዋ ሥዕሎች ውብ ናቸው፤ ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው። የኛ ወገን ፊቱ በሙሉ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፣ ጠላት በጎኑ አንድ ዓይን ብቻ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ አለ። በዚያ ሕግ ዘውዱ «ንጉሥ ይህ ነው» ማለት ነው፤ በዚያ ቀን ምን እንደተደረገ አይመሰክርም። ከሥዕሉ ጌጡን፣ ነጋሪቱን፣ አሰላለፉን ውሰዱ፤ የልብሱን ቀለም ግን በዕቃ ወይም በጽሑፍ አመሳክሩ። የሥዕሉን ሕግ ተከትሎ የተሠራ አሻንጉሊት ደግሞ በራሱ መንገድ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መለያው ላይ «ከሥዕል» ተብሎ ይጻፍ።

አንድን ወታደር ለውይይት ስታቀርቡ አራት ፎቶ አንሱ፦ ፊት፣ ኋላ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ይኑር። ከዚያ የምትሉትን በሦስት ለዩ። «ስህተት ነው» የሚባለው የሚቃረን ማስረጃ ሲኖር ነው፤ በግራ የታጠቀ ጎራዴ እንደዚያ ነው። «ማስረጃ አላየሁም» ሌላ ነው፤ የማይታወቅ የመቀነት ቀለም እዚህ ይገባል። «ለሻጋታ ሲባል የተደረገ» ሦስተኛው ነው። ብዙ ጠብ የሚነሳው ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው አድርጎ ከመናገር ነው። ለሠሪው ስትጽፉም ባዶ ወቀሳ አትላኩ፤ ምስሉን፣ ቀኑን፣ ዕቃው የሚገኝበትን ቦታ ጨምሩ። በ3ዲ ፕሪንተር ፋይል የሚሸጡ ቀራጮች ጎራዴን ከግራ ወደ ቀኝ ለማዛወር አዲስ ሻጋታ ስለማያስፈልጋቸው ጥሩ ማስረጃ ሲደርሳቸው ለማስተካከል ይቀላቸዋል።

አቀማመጥ

እርሳስ የሚበላው ከእንጨት የሚወጣ አሲዳም ትነት ነው። የኦክ መደርደሪያ፣ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) እና ተራ ካርቶን ዋና ጠላቶቹ ናቸው፤ በተለይ በሩ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ሣጥን ውስጥ። ምልክቱ ግራጫማ ነጭ ዱቄት ነው፤ ከመቆሚያውና ከእግሩ ይጀምራል። ዱቄቱ መርዝ ስለሆነ አትንፉት። ጓንትና ጭንብል አድርጋችሁ ወታደሩን ከሌሎቹ ለዩ፣ ዱቄቱን በትንሹ በረጠበ ጥጥ አንሱ፣ በደንብ አድርቁ፣ በወሩ ደግማችሁ እዩ። ቋሚ ቦታው መስታወትና ብረት ይሁን። የብሪተንስ ዋናው ካርቶን ሣጥን ካላችሁ ሣጥኑን ለብቻው፣ ወታደሮቹን ለብቻቸው አስቀምጡ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአዲስ አበባ ቤት እርጥበት ስለሚጨምር አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ሣጥኑ ውስጥ አኑሩ፤ ከ55 በመቶ ካለፈ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጨምሩ፣ ሲሊካው ሲጠግብ አድርቃችሁ መልሱት። የጀርመኖቹን ወታደሮች በዚህ ወቅት በየሳምንቱ ተመልከቷቸው፤ በሌላው ጊዜ በወር አንዴ ይበቃል።